ዘጠነኛው ቺፕ፦ የስሕተት አራሚ ማኅደር ታሪክ

አንድ ባለሙያ ለጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሲመርጥ ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ዲስኩ ስፋት ብዙ ይጠይቃል። ስለ ማኅደረ ትውስታው ግን ከመጠኑና ከዋጋው በቀር የሚጠይቀው እምብዛም የለም። በማኅደሩ ያሰፈረው ቍጥር በተፈለገ ጊዜ ሳይለወጥ እንደሚመለስለት አምኖ ይቀመጣል። ይህ እምነት ስንት ጊዜ እንደ ተፈተነ መመርመር፥ ዛሬ ዕቃ ለሚመርጥ የሙያ ባልደረባም ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1947 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪዎች የሒሳብ ሊቅ የነበሩት ሪቻርድ ሃሚንግ በሪሌ በሚሠራው ኮምፒዩተር ለመጠቀም ተራ የሚደርሳቸው ቅዳሜና እሑድ ነበር። መሣሪያው ስሕተት መፈጠሩን የሚያውቅበት ዘዴ ነበረው። በሥራ ቀን ሠራተኛ ደርሶ ያስተካክለዋል፤ በዕረፍት ቀን ግን የተሰናከለውን ሥራ ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃሚንግ በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ሲመለሱ ሥራቸው እንዲሁ ተጥሎ አገኙት። በዚህ ተናደው ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ስሕተት መኖሩን ለማወቅ የቻለ መሣሪያ፥ ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ ስለ ምን ይሳነዋል? መልሱን በ1950 አሳተሙ።

የዘዴው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ፓሪቲ በሚባለው አሮጌ ቍጥጥር፥ በአንድ ቃል ውስጥ ያሉት የ«1» ምልክቶች ብዛት ተጋማሽ ቍጥር እንዲሆን አንድ ቢት ይታከላል። ብዛቱ ጎዶሎ ሆኖ ቢገኝ አንድ ቢት ተገልብጧል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም። ሃሚንግ ይህንኑ ቍጥጥር በተለያዩ የቢቶች ስብስቦች ላይ ደጋግመው፥ ውጤቶቹ ተደርድረው ሲነበቡ የተበላሸውን ቢት ተራ ቍጥር እንዲሰጡ አደረጉ። ተራው ከታወቀ መልሶ መገልበጥ ብቻ ይቀራል፤ ከ0 እና ከ1 በቀር ሦስተኛ ነገር የለምና። ለ64 ቢት ቃል 7 ጠባቂ ቢቶች ለዚህ ይበቃሉ። ስምንተኛ ሲታከል የሁለት ቢቶች በአንድ ጊዜ መሳሳትም ይታወቃል፤ ይሁንና ሁለቱን ማረም አይቻልም። ስለዚህ ስሕተት አራሚ የሆነው ቃል 72 ቢት ሆነ።

ለሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ በ1961 የተረከበው የአይቢኤም «ስትሬች» በዚሁ በ72 ቢት የሚሠራ ነበር። የሚያስገርመው፥ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1976 ወደዚያው ላቦራቶሪ የገባው የመጀመሪያው ክሬይ-1 ስሕተትን የሚያውቅ እንጂ የሚያርም አልነበረም። ፍጥነትን ከሁሉ ያስቀደሙት ሲይሞር ክሬይ በ1964 ያወጡት ሲዲሲ 6600 በማኅደሩ ፓሪቲ እንኳ አልነበረውም። በስድስት ወር ሙከራ 152 የማኅደር ስሕተቶች ተመዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ክሬይ-1 መሣሪያዎች 8ቱን ጠባቂ ቢቶች ይዘው ወጡ።

ምክንያቱ በሚገባ የተብራራው ቆይቶ ነው። በ1978 የኢንቴል ባልደረቦች ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ፥ በቺፑ መሸፈኛ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የዩራንየምና የቶሪየም ርዝራዦች የሚተፉት የአልፋ ቅንጣት ቢት እንደሚገለብጥ አስረዱ። በ1979 ጄምስ ዚግለርና ዊልያም ላንፎርድ ከጠፈር የሚመጣው ጨረርም ይህንኑ እንደሚያደርግ አመለከቱ። ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቍጥር ይበረታል፤ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ በቀረቡ አገሮች ደግሞ የምድር መግነጢስ ከፊሉን ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ከፍታውም ይህ ቅርበትም ስላላት፥ በዴንቨር የተለካውን ቍጥር እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይገባም።

በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ለየስምንቱ ቺፕ ዘጠነኛ የፓሪቲ ቺፕ ነበረው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን በዋጋ ፉክክር ምክንያት ዘጠነኛው ቺፕ ከአብዛኛው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ተወገደ፤ ጥበቃው በሰርቨሮች ተወሰነ። በ2003 በቤልጅግ ስካርቤክ በተባለ ቦታ በኤሌክትሮኒክ ምርጫ አንዲት ዕጩ 4096 ትርፍ ድምፅ ተቈጠረላቸው። ቍጥሩ ከሚቻለው በላይ ስለነበር ተገኘ። 4096 ማለት 2 በ12 ጊዜ ብዜት ነው፤ መርማሪዎችም ከአንድ ቢት መገልበጥ የተሻለ ማብራሪያ አላገኙም። በ2009 ደግሞ ቢያንካ ሽሮደርና ተባባሪዎቻቸው በጉግል ሰርቨሮች ላይ ባደረጉት ጥናት፥ በዓመት ከመቶ ስምንት በላይ የሚሆኑት የማኅደር ሰሌዳዎች የታረመ ስሕተት እንደሚያሳዩ ታወቀ።

ዛሬ ለጠረጴዛ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ያጣራ። ሰሌዳው ለሰርቨር የሚሠራው ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት እንዳይሆን፤ ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ማረሙን የሚደግፉ እንዲሆኑ፤ እንዲሁም በዲዲአር5 ቺፕ ውስጥ ያለው ማረሚያ እንዳያሳስተው። ይህ የኋለኛው የሚጠብቀው ቺፑን ብቻ ነው። ከቺፑ ወጥቶ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚሄደው መንገድ ላይ የሚፈጠረውን ስሕተት አያይም።

ማኅደርን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ለሚያስሮጡት ዋናው ነገር ይህ መንገድ ነው። ጊዜው ሲያጥር ምልክቱ ሳይረጋ ይነበባል፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ቢቶች ሊበላሹ ይችላሉ። ሦስት ቢቶች በአንድ ቃል ቢሳሳቱ ማረሚያው ራሱ ደህናውን ቢት ሊገለብጥ ይችላል። ስለሆነም ማረሚያው ለተጨማሪ ፍጥነት መሸፈኛ ይሆናል የሚሉትን አልቀበልም። የማረሚያው ጥቅም መለኪያነቱ ነው፤ በተራ ማኅደር ዝም ብሎ የሚያልፈው ስሕተት እዚህ ተቈጥሮ ይታያል። ቈጠራው ከዜሮ ከፍ ማለት ከጀመረ ፍጥነቱ ይቀነስ።

ማዘርቦርድ ሰሌዳውን ተቀብሎ ዘጠነኛውን ቺፕ ሳይጠቀምበት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህን ለማጣራት ጠቃሚ ሥራ የሌለበትን ኮምፒዩተር ሆን ብሎ ጥቂት ከወሰኑ በላይ ማስሮጥና፥ የታረመ ስሕተት በሊኑክስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ማየት ነው። ስሕተቱ ከታየ በኋላ ፍጥነቱ ወደ ተመደበለት ይመለሳል።