ውሃ ወይስ ቢላ?

ደህና ሲጫወት የዋለ የስምንት ወር ሕፃን በድንገት እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይጮሃል። ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል። እናቱ «ተመስገን፣ ለቀቀው» ስትል እንደገና ይጀምረዋል። ከዚያ ያስመልሰዋል፤ ሲቆይ ደግሞ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ይመጣል። የአንጀቱ አንዱ ክፍል፣ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፈው፣ ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ ገብቷል። ሲገባ ደም ሥሩንም ይዞ ስለሚገባ ይታነቃል፣ ያብጣል፣ ከቆየ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1871 ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የአንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ሆድ ከፍቶ አንጀቷን በእጁ መለሰው፤ ልጅቷም ዳነች። ትልቅ ዜና ነበር። ግን በዚያ ዘመን ሆድ መክፈት ራሱ ገዳይ ነው።

ኮፐንሃገን ላይ ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ሌላ መንገድ ያዘ፦ በፊንጢጣ ውሃ አስገብቶ አንጀቱን በግፊት ወደ ቦታው መመለስ። (ንግሥቲቱ ከሕፃናቱ አልጋ በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ይሰቀል ስትል፣ እሱ «የእንስሳት ሥዕል ይሻላቸዋል» ብሎ ድርቅ አለ ይባላል። ወድጄዋለሁ።) በ1905 የ107 ሕፃናትን ውጤት አሳተመ። ከመቶ 35ቱ ሞተዋል። ዛሬ ስናየው ያስደነግጣል፤ ለጊዜው ግን ተስፋ ነበር። እኔን የሚገርመኝ የሞቱበትንም አብሮ መቁጠሩ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን አልተመለሰም፦ ውሃው የሚያድነው የትኛውን ሕፃን ነው? የሞተ አንጀት በግፊት ሊቀደድ ይችላላ! በ1948 ባልቲሞር ውስጥ ማርክ ራቪች በውሻ ላይ ጭምር ሞክሮ አንድ መልስ አመጣ። ባሪየም የያዘው ዕቃ ከሕፃኑ በላይ ከ3 ጫማ፣ ማለትም 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አይበልጥ፤ በዚህ ግፊት የሞተ አንጀት አይመለስም አለ። እንግዲህ ሕክምናው ራሱ ምርመራ ሆነ ማለት ነው፤ በራጅ እያዩት ከተመለሰ፣ አንጀቱ በሕይወት አለ። ቢላቸውን የሚያምኑ ሐኪሞች ቶሎ አልተቀበሉትም። በ1986 ደግሞ ቻይናውያን ሐኪሞች በአየር ግፊት የታከሙ 6,396 ሕፃናትን ውጤት ይዘው ብቅ አሉ።

አሁን አልትራሳውንድ አለ። በታጠፈው አንጀት መሀል ውሃ ተጠራቅሟል? ደም መዘዋወሩ ቆሟል? ሕፃኑ ፈዟል? ሰገራው ደም አለው? እነዚህ ምልክቶች ግፊቱ ላይሠራ እንደሚችል ይጠቁማሉ እንጂ በር አይዘጉም። አንጀቱ ከተበሳ ወይም ሆዱ ውስጥ ኢንፌክሽን ከተሰራጨ ግን በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ግን ያው የድሮው ነው፦ «መቼ ጀመረው?» ሩቅ ገጠር ያለች እናት ይህን ስትመልስ፣ መንገዱ የበላውንም ሰዓት አብራ ትቆጥራለች።