ከጮቄ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የቢቸናና የሞጣ ገበታ

ቢቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ፣ በአንድ ወገን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ፣ በሌላው የዓባይ በረሃ የሚያዋስኗቸው ከተሞች በመሆናቸው፣ ነዋሪው «ያገሩን እህል» ሲበላ የኖረው ከአንድ ዓይነት መሬት ሳይሆን በአጭር ርቀት ከተደራረቡ ሦስት የአየር ጠባዮች ነው። የደጋው ገብስ፣ የወይና ደጋው ጤፍና ጥራጥሬ፣ የቆላው ማሽላ በገበያ ይገናኙ ነበር፤ ከሩቅ መምጣት የግድ የነበረበት ከአፋር በረሃ የሚጫነው አሞሌ ጨው ነበር። በርበሬና ድንች ግን ዛሬ ያገር ቢባሉም መነሻቸው አሜሪካ ነው።

የገበታው ምሰሶ ዋልካ ነው፤ ይህም ክረምት ውኃ የሚያቁር፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ጤፍ በክረምቱ ጭቃ ተዘርቶ ሌላው እህል የማይችለውን ውኃ ይችላል፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑም ነቀዝ ስለማይደፍረው በጎታ፣ ማለትም ከጭቃና ከጭድ በሚሠራ የቤት ውስጥ ማከማቻ፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራና ጓያ በቀረው እርጥበት ይዘራሉ፤ ሥሮቻቸው አፈሩን በናይትሮጅን ሲያዳብሩ፣ ሽሯቸው ጤፍ የሚያንሰውን የገንቢ ምግብ ክፍል በመሙላት የጾሙን ወራት ያሻግራል።

ይሁንና ያገር እህል በራሱ ደኅንነት አይደለም። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም ሌላው ሲጠፋ ብቻውን ይቀራል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ከሌላ እህል ጋር አሰባጥሮ መብላትም ጉዳቱን ያቃልላል፤ ችግሩ በረኀብ ዘመን የሚሰባጠር እህል አለመገኘቱ ነው።

የሚተርፈው እህል የማን እንደሆነ ደግሞ ዘወትር ያከራክር ነበር። በቢቸና አቅራቢያ ያለውን የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም የቅኔ ተማሪ ያኖረው የገበሬው ጎታ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር፣ ማለትም በምርት ግምት ላይ የሚጣል ግብር፣ በታወጀ ጊዜም የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬዎች በጦር መሣሪያ ተቃወሙት። ከሁሉ በላይ ያስፈራቸው ርስታቸውን፣ ማለትም በዘር የወረሱትን መሬት፣ ማጣት ቢሆንም፣ አዝመራን ሊገምት የሚመጣ ሹም የቤታቸውን ቀለብ እንደሚነካ ማመናቸው ተቃውሞውን ሳያባብሰው አልቀረም። መንግሥት ጦር አዝምቶም በመጨረሻ ያልተከፈለውን ውዝፍ ግብር ለመተው ተገደደ።

ዛሬ ጤፉን የሚወስደው የአዲስ አበባ ገበያ ነው። ነጩ ጤፍ በደጀን አድርጎ ዓባይን ሲሻገር፣ አምራቹ ብዙ ጊዜ ለቤቱ የሚያስቀረው ዋጋው ዝቅ ያለውን ቀይ ጤፍ ወይም በቆሎ ነው።