ተርሚናል፦ ደጅ ጠኚው ኮምፒዩተር

ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ ባንክ ቤት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ጥቂት ነው። መብራት አለ፣ ኮምፒዩተሩ በርቷል፣ ሠራተኛዋም ቦታዋ ላይ ናት። ታዲያ የሌለው ምንድን ነው? ሂሳብዎ የተመዘገበበት ማሽን ያለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው፤ የተቋረጠው ወደዚያ የሚወስደው መስመር ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ይጠይቃል፣ መልስ ሲመጣ ያሳያል። ሥራውን ለሌላ ማሽን ትቶ እንዲህ ጥያቄና መልስ የሚያመላልስ መሣሪያ ተርሚናል ይባላል።

ቃሉን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እናውቀዋለን፤ ችግሩም እሱ ነው። «መናኸሪያ» ብለን ብንተረጉመው አንባቢ የሚታየው የደምቢ ዶሎ አውቶቡስ ነው። «ጫፍ» ከመነሻው ከላቲኑ ትርጉም ጋር ይስማማል፣ ግን ብቻውን ሲቆም «የምን ጫፍ?» ያሰኛል። እኔ የምመርጠው «ደጅ ጠኚ» የሚለውን ነው። ደጅ ጠኚ የራሱ ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩን ያቀርባል፣ ይጠብቃል፣ የተወሰነለትን ይዞ ይመለሳል። አንድ የሚያስቅ ነገር ግን አለ። ሰርቨርን «አገልጋይ» ብለው የተረጎሙ አሉና፣ ሁለቱን ቃላት ስናገናኛቸው አገልጋዩ እልፍኝ ተቀምጦ ሌላው ደጁን ይጠናዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰርቨርን ሰርቨር ብዬ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ አሮጌው ኮምፒዩተር እንምጣ። በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ማሽን አይጠፋም። ኢንተርኔት ለመክፈት ያቃስታል፤ ደጅ ለመጥናት ግን ጉልበት አይጠይቅም። ጀርባውን ዞር አድርገው ቢያዩ ዘጠኝ ቀጫጭን መርፌ ያለው መሰኪያ ያገኛሉ፤ ሲሪያል ፖርት የሚሉት ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ ይበቃሉ። 2 ቁጥር ይቀበላል፣ 3 ቁጥር ይልካል፣ 5 ቁጥር የጋራ መሬት ነው። ተመሳሳይ መሰኪያ ያላቸውን ሁለት ኮምፒዩተሮች ስናገናኝ 2 እና 3ን እናጠላልፋቸዋለን፤ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ካልገጠመ ሁለቱም ይጮኻሉ እንጂ አይደማመጡም። ኤክስፒ ውስጥ ሃይፐር ተርሚናል የሚባል ፕሮግራም አብሮ ይመጣ ነበር፤ እሱን ከፍቶ ፍጥነቱን በሰከንድ 9600 ቢት ማለት ነው። በወዲያኛው ወገን ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን በዚያ መስመር ሰው እንዲያስገባ ከታዘዘ፣ አሮጌው ስክሪን ላይ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚሠራው አዲሱ ማሽን ነው።

የኔትወርክ ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል። የሲስኮ ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ በኮንሶል ገመድ የሚያናግሩት በዚሁ በ9600 ፍጥነት ነው፤ ሲሪያል ፖርት ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ የማይጥሉ ያሉትም ለዚህ ነው።

9600 ማለት በሰከንድ 960 ያህል የላቲን ፊደል ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውና ዛሬም የተርሚናል ፕሮግራሞች የሚኮርጁት ቪቲ100 በአንድ ገጽ 24 መስመር፣ በአንድ መስመር 80 ፊደል ይይዝ ነበር። ያን ገጽ ለመሙላት ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

የእኛ ፊደል ሲሆን ሂሳቡ ይለወጣል። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ነቀምቴ» በአማርኛ አራት ፊደል፣ 12 ባይት ነው። በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ ስምንት ፊደል ይሁን እንጂ ባይቱም ስምንት ብቻ ነው። ፍጥነቱ ይቅርና፣ ሃይፐር ተርሚናል ዩቲኤፍ 8ን ስለማያውቅ በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የለሽ ምልክት ይደረድራል፤ የቁቤውን ግን ያለ አንዳች ስህተት ያነባል። ወለጋ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የቢሮው ደብዳቤ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነውና። ነቀምቴ ያረፉት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ነበር፤ ዛሬ በዚህ ስክሪን ላይ ቢከፈት አንድም ቃል አይነበብም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ትልቅ ሆዱ የድሮ ስክሪን መብራት ይበላል፤ ቆጣቢ ነው ብሎ የሚሸጥልዎን አይመኑ። ለመማሪያ፣ ለራውተርና ለጽሑፍ ሥራ ከሆነ ግን አሮጌውን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ጀርባውን ይዩት፤ ዘጠኙ መርፌ ካለ፣ ደጅ ለመጥናት ገና አላረጀም።