የባትሪ ጠባቂ፦ ከአሮጌ ዕቃ በሚሠራ ስኩተር ላይ አዲስ መሆን ያለበት

አቃቂ ቃሊቲ በፋብሪካዎቹና በጋራዦቹ የሚታወቅ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መበታተኛም ያለበት ክፍለ ከተማ ነው። እዚህ የኤሌክትሪክ ስኩተር ልሥራ ብሎ የተነሣ ወጣት አካሉን ከቁርጥራጭ ቱቦ ይበይዳል፣ ጎማና ሞተሩን ከተሰበረ ስኩተር ይፈታል፣ የባትሪ ሴሎቹን ከተጣለ ላፕቶፕ ይለቅማል። ይህ ሁሉ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። አዲስ መገዛት ያለበት በምህጻር ቢኤምኤስ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «የባትሪ አስተዳደር ሥርዓት» ይሆናል፤ ይህ ግን ለሠሪው የሚነግረው ነገር የለም። የሰሌዳው ሥራ ነቅቶ መጠበቅና አደጋ ሲመጣ መስመሩን መቁረጥ ስለሆነ «የባትሪ ጠባቂ» ቢባል ይሻላል።

ባለ 36 ቮልት የሊቲየም ባትሪ በተለምዶ 10 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው የሚሠራ ነው። አንዱ ሴል ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ ሁሉም ሲሞሉ ድምሩ 42 ይሆናል። «ታዲያ ቻርጀሩ 42 ላይ ራሱ ያቆም የለም ወይ?» ይባላል። ያቆማል፤ ግን የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። 9ኙ ሴሎች 4.15 ላይ ሆነው 10ኛው 4.65 ቢደርስ ድምሩ ያው 42 ነው፤ ያ አንዱ ሴል ግን ለቃጠሎ ተቃርቧል። ከየላፕቶፑ የተለቀሙ ሴሎች ዕድሜያቸውም አቅማቸውም ስለሚለያይ እንዲህ ያለው መራራቅ በእነሱ ላይ ቶሎ ይመጣል። ጠባቂው ከየሴሉ በሚነሣ ቀጭን ሽቦ እያንዳንዱን ለየብቻ ይለካል፤ አንዱ ከልክ ሲያልፍ ቻርጁን፣ አንዱ ከልክ በታች ሲወርድ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ያቋርጣል። በመኪና ባትሪ ሲሠራ የኖረ መካኒክ «እኛ ያለዚህ ኖረናል» ቢል እውነቱን ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ጥቂት ከልክ በላይ ቢሞላ ውሃው ይጎድላል። ሊቲየም ግን ይህን አይታገሥም።

በአሮጌ ሴል መሥራትን በተመለከተ ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከኒው ዮርክ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሮጌ ባትሪ የወጡ ሴሎችን መልሶ ገጣጥሞ መሸጥን በሕግ ከለከለች፤ በዚያው ዓመት በሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተውባታል። ሕጉ መሠረት አለው፤ በሴሉ ውስጥ የተፈጠረን ሾርት ጠባቂው ሊያቆመው አይችልምና። ስለዚህ ሴል መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቻርጅ ቢቀበልም እንኳ ከሥራ ይውጣ። የቀረው አቅሙ ተለክቶ ከመሰሉ ጋር ይያያዝ፤ ቻርጅ የሚደረግበትም ቦታ ከመኝታ ክፍልና ከመውጫ በር የራቀ ይሁን። በዚህ ጥንቃቄ የተሠራ ስኩተር ለሠሪው ለራሱ ቢሆን አልቃወምም። ባትሪውን እየገጣጠሙ ለሌላ ሰው መሸጥ ግን፣ ገዢው ውስጡን አይቶ ሊፈርድ ስለማይችል፣ እዚህም ሊከለከል ይገባል እላለሁ።