ቃኘው፦ ለእኛ ያልተከፈተው ሬዲዮ

በልጅነቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሬዲዮ የየቤቱ ዕቃ አልነበረም፤ ያለውም ሰው ቢሆን በቁጠባ ነበር የሚከፍተው። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለነበረ፣ ድምፁ ሲደክም ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ጥቂት ነፍስ ይዘራል ተብሎ ይጠበቃል። ቡሬ ይኖር የነበረው አጎቴ ግን ሬዲዮ ሳይኖረው ይዘፍን ነበር። በወጣትነቱ አሥመራ በሠፈረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ያገለገለ፣ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በርበሬ የሚነግድ ሰው ነው። ጆንያውን ሲሰፋም ሆነ ማታ በሩን ሲዘጋ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረችው። ግጥሟ አማርኛ ነው፤ ስለ ዳሞት በርበሬና ስለ አንዲት ልጅ ታወሳለች። ዜማዋን ግን ከማውቃቸው የጎጃም ዜማዎች ከአንዱም ጋር ላዛምዳት አልቻልኩም፤ ስለዚህ የራሱ ድርሰት ትመስለኝ ነበር።

በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማር፣ አንድ ምሽት የኤፍ ኤም ሬዲዮ የድሮ የእንግሊዝኛ ዘፈኖች ሲያሰማ ያችኑ ዜማ ሰማሁ። የአጎቴን ዜማ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ያዜማታል! ለዕረፍት ቡሬ በሄድኩ ጊዜ ብጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «እሷማ የቃኘው ናት።»

ለመሆኑ ቃኘው ምን ነበር? በጣሊያን ዘመን አሥመራ ላይ «ሬዲዮ ማሪና» የተባለ የባሕር ኃይል መገናኛ ጣቢያ ነበረ። ጣሊያን ድል ከሆነ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ጥቂት አሜሪካውያን ወታደሮች መጥተው ያዙት። በግንቦት 1945 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት መካከል ለ25 ዓመት የሚጸና ስምምነት ተፈረመና ጣቢያው ሰፋ። ስሙንም ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወረሰ፤ ሻለቃውም ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው ነው። እንግዲህ «ቃኘ» የሚለውን ግሥ አንባቢ ልብ ይበል። አዝማሪ ክራሩን ይቃኛል፤ ቃፊርም የጠላትን አገር ይቃኛል። አንድ ግሥ ሁለቱንም ሥራ መሸከሙ ለቅኔ ሰው ሲሳይ ነው፤ ጣቢያውም ሁለቱንም ሥራ ሠርቷል።

ዋናው ሥራው ማድመጥ ነበር። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች በመሆኗ የሩቅ ሞገድ ለመቀበል እጅግ ተስማሚ ነበረች። ጣቢያው የሌሎችን መንግሥታት የሬዲዮ መልእክት ይጠልፍ ነበር፤ በኋላም ወርዱ 150 ጫማ የሆነ ግዙፍ የአንቴና ሳሕን ተተክሎ፣ ሶቪየት ኅብረት ወደ ጠፈር ከላከቻቸው መንኮራኩሮች የሚመጣውን ምልክት ይለቅም ጀመር። ጆሮው እንዲህ ሰፊ የሆነው ይህ ሠፈር ለወታደሮቹ ማጽናኛ የሚሆን አንድ ትንሽ አፍም ነበረው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ የሚያሰራጨው የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ሬዲዮ ነው። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ጣቢያዎች ዘፈንና ዝግጅት በሸክላ ተቀርጾ ከሎስ አንጀለስ ይላክ ነበር። ለአገሩ ሰው ታስቦ የተከፈተ አልነበረም። ሞገድ ግን አጥር አያውቅም፤ ሠፈሩን ዘልሎ የከተማውን ጆሮ አገኘ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የዘመናዊ ሙዚቃችን አባት ቃኘው ነው የሚሉ አሉ፤ ያ ዘመን የፈረንጅ ቅጂ ነው ብለው የሚያጣጥሉም አሉ። ሁለቱም ወገን ታሪኩን ከመካከሉ ነው የሚጀምረው። አርባዎቹ የአርመን ልጆች በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ሲመጡ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያንም ሲመራቸው፣ ቃኘው ገና አልታሰበም። መለከቱና ሳክስፎኑ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ውስጥ ቤተኛ ሆኖ ነበር። ቃኘው የጨመረው ሌላ ነገር ነው፦ የኤልቪስ ፕሪስሊን፣ የሬይ ቻርልስን፣ የጄምስ ብራውንን ዘመን ቀልጣፋ ምት፣ የኤሌክትሪክ ጊታርን ጩኸት፣ ድምፃዊ በማይክራፎን ፊት እንደ ልቡ መጮኽና መቃተት እንደሚችል። አሥመራ ላይ ተወልደ ረዳ የኤሌክትሪክ ጊታርን ከክራር ስልት ጋር አዋሐደ። አዲስ አበባ ላይ ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እስከመባል ደረሰ፤ አምሃ እሸቴም በ1961 ዓ.ም. በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ከቀዳሚዎቹ ሥራዎቹ አንዱ የዓለማየሁ ነበር። ሆኖም ሸክላዎቹን ያደመጠ ያውቀዋል፤ ምቱና መሣሪያው ይቀየር እንጂ ከሥሩ ያሉት ያው ትዝታ፣ ያው ባቲ፣ ያው አምባሰል፣ ያው አንቺሆዬ ናቸው። የመጣው እንግዳ በእኛ ቅኝት ተቃኘ።

ጎጃም ይህን ሁሉ የሰማው በእጅ አዙር ነው። ከፊሉ በብሔራዊው ሬዲዮ፣ ከፊሉም በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተከፈተው ባለ ትልቅ ጉልበቱ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ አጭር ሞገድ ደረሰ። የቀረውን እንደ አጎቴ ያሉ ተመላሽ ወታደሮች በደረታቸው ተሸክመው አመጡት፤ ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ። እንግሊዝኛውን ስለማያውቁት ባዶውን ቦታ በአገራቸው ነገር ሞሉት።

በ1969 ዓ.ም. የሆነው በአጭሩ ይነገራል። በመጋቢት ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ፤ በሚያዝያ አሜሪካውያን ቃኘውን ዘግተው እንዲወጡ ታዘዙ። የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የምሽት ቤቶች ሲያፍን፣ ዘፈኑ ወደ ካሴት ገብቶ በየሻይ ቤቱ ተጠለለ። አሥመራም ዛሬ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚያችን ዜማ የመጀመሪያ ቅጂ አግኝቼ ቡሬ ወሰድኩለት። አጎቴ አርጅቷል፤ ጆሮውም ደክሟል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩለት፤ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አደመጠ። በጣቱም ጉልበቱ ላይ ምቱን እየመታ ሳይስት ጨረሰው። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና እንዲህ አለኝ፦

«ሰውዬው ጥሩ ይዟታል፤ በርበሬውን ግን ረስቶታል።»