ፎርማልዴይድ (በመኖሪያ ቤት ውስጥ)

ቀለም የሌለው፣ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ጋዝ ነው። በአዲስ ቤት ውስጥ ዋና ምንጩ የእንጨት ፍቅፋቂንና ቃጫን አጣብቆ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ የሚያደርገው ዩሪያ ፎርማልዴይድ ሙጫ ነው። ሙጫው በሙቀትና በእርጥበት ቀስ በቀስ እየፈረሰ ጋዙን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይለቃል። ጋዙ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በ30 ደቂቃ አማካይ 0.1 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ነው።

ለወታደርም ለተፈናቃይም በችኮላ የሚገጣጠሙ ጠባብ ቤቶች በዚህ ረገድ የከፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከደረሰው የካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለተፈናቃዮች የሰጣቸው ተጎታች ቤቶች ተመርምረው ነበር። ከ519 ቤቶች የተገኘው አማካይ መጠን በቢሊዮን 77 ክፍል ሆነ።

በኢትዮጵያ፣ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል በሆነችው ቡራዩ፣ የቆዩት የባህር ዛፍና የጭቃ ቤቶች ዩሪያ ፎርማልዴይድ ሙጫን አያውቁትም። ጋዙን ግን የማገዶ ጭስም ይዞት ይመጣል። በአዳዲሶቹ ቤቶች ደግሞ የቺፕውድ ኮርኒስ፣ የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥንና የኩሽና ካቢኔት አሉ፤ የደጋው ብርድም መስኮት ያስዘጋል። ጫፎቹ ሳይሸፈኑ የቀሩ የተቆረጡ ሰሌዳዎች ይበልጥ ይለቃሉ፤ ጠርዙን ማሸግና ክፍሉን ማናፈስ መጠኑን ይቀንሰዋል።