ወላይታ በአምስቱ የጠላት ዘመን፤ የ48ቱ ምእመናን ነገር

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች የወላይታን ታሪክ የምናውቀው በሁለት ቁጥሮች ነው። የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ሰዎች በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 ነበሩ፤ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ቈዩአቸው ይባላል። ሁለተኛው ቁጥር ግምት እንጂ በመዝገብ የተቈጠረ አይደለም። ይሁን እንጂ ዕድገቱ ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም። እኔን ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ዘመን ነው። እነዚያ ጥቂት ሰዎች እግዚአብሔር አይተወንም ብለው ልባቸውን ያሳረፉት በምን ምክንያት ነበር?

ዘመኑ ለማንም የሚያጽናና አልነበረም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው እልቂት ገና አልተረሳም። ሚሲዮናውያኑ ከወጡ በኋላም በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። ስለዚህ «አምላካችን ወዴት ነህ?» የሚለው ጥያቄ የአንድ ወገን ክርስቲያኖች ብቻ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል።

ወደ ወላይታ ስንመለስ፣ ሚሲዮኑ እዚያ ሥራ የጀመረው በ1920 ዓ.ም. ነበር። ከዚያም በፊት ኢሳ ላሌ የሚባል የጋሞ ሰው ለመናፍስት መሠዋት ቀርቶ ሰማይን ወደ ፈጠረው ወደ ጦሳ ብቻ መጸለይ ይገባል እያለ በየአገሩ ሰብኮ ነበር። የሚሰሙትም ጣታቸውን በማር እየነከሩ ወደ ሰማይ በመርጨት ይለምኑ ነበር። እንግዲህ ፈጣሪ የታመነ ነው የሚለው አሳብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ይህን የሚዘነጉ ጸሐፊዎች ታሪኩን በግማሽ ብቻ የተረኩ ይመስለኛል። ሚሲዮኑም ቢሆን ገና ከመጀመሪያው ለሰባኪዎች ደመወዝ አልከፈለም፤ የጸሎት ቤቱን በሣር ክዳን የሚሠሩት ምእመናኑ ራሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ጭከና ሊመስል ይችል ነበር። በ1929 ዓ.ም. ግን የውጭ ሰው ሲሄድ የሚቋረጥ ገንዘብ ስላልነበረ የሚዘጋ ሥራም አልነበረም።

የኢጣልያ ሹማምንት እነዚህን ሰዎች የእንግሊዝና የአሜሪካ ወዳጆች ናቸው ብለው ይጠረጥሯቸው ነበር። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ከነርሱ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በሕዝብ ፊት በጅራፍ ተገረፈ፤ ከወኅኒ ሳይወጡ የሞቱም ነበሩ። በእጃቸው የነበረው መጽሐፍ በወላይትኛ የታተሙ ጥቂት የቅዱስ መጽሐፍ ክፍሎች ነበር፤ እርሱንም ማንበብ የሚችል ብዙ አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ይልቁን የሚገርመኝ ግርፋቱን መታገሣቸው አይደለም፤ ስንቁ ነው። በዚያን ዘመን በአገራችን ልማድ እስረኛ የሚበላው ዘመዱ ያመጣለትን ነበር፤ ዘመድ የሌለው ይራብ ነበር። ምእመናኑ ግን ዘመድ ይሁን ባዕድ ሳይለዩ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ሁሉ ምግብ ያመላልሱ ጀመር፤ ለሌሎች እስረኞችም ይተርፍ ነበር ይባላል። ወላይታ በጎሣ የተከፋፈለ አገር በመሆኑ ባዕድ ለባዕድ ስንቅ መሸከሙ ለተመልካች እንግዳ ነገር ነበር። ብዙዎችም የመጡት ስብከቱን ሰምተው ሳይሆን ይህን አይተው ነው። በወኅኒ ላለው ሰውም የእግዚአብሔር ታማኝነት በዚያን ቀን የተገለጠለት በሩ ተከፍቶለት ሳይሆን ከማያውቀው ቤት በመጣለት እህል ነበር ብዬ አምናለሁ። በትምህርት ቤት ሲነገረን ግን ነገሩ ሁሉ ተአምር ስለሚባል ምግቡን ያበሰሉትና ተሸክመው ያመጡት ሴቶች አይወሱም ነበር፤ ስማቸውም አልተጻፈልንም።

የሞቱትስ? ታማኝነቱን እነርሱ በምን አዩት? ለዚህ ጥያቄ የታሪክ ትምህርት መልስ አይሰጥም። የምናውቀው፣ ከእስር የተፈቱት መሪዎች ተመልሰው ማስተማራቸውንና ሰባኪዎችም ከወላይታ ወደ ጎረቤት አገሮች መሻገራቸውን ነው።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ መከራው ወዲያው አልቆመም፤ ምእመናኑን የሚያስጨንቁ የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ተመልሰው ሲመጡም የጠበቃቸው ነገር እንደ ጠበቁት አልነበረም። ማኅበሮቹ የራሳቸው ሽማግሌዎች ነበሯቸው፤ የሚያጠምቁትም ሆኑ የሚዳኙት እነዚሁ ሽማግሌዎች ነበሩ። የተመለሱት ሚሲዮናውያን የቀረላቸው ሥራ ማስተማርና ሕሙማንን መርዳት ሆነ።